«ለእኔ ተዉት» የምትለው ጦጢት

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ እንስሳት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ቆጠራ ነበር። ለምን ብትሉ፣ አያ ጅቦ ከጫካው ዳር አይጠፋም! ሲመሽ ልጆቹ ይቆጠራሉ፤ አንድ ከጎደለ ሳይጨልም ወጥቶ መፈለግ ነው።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ እመት ጦጢት ነበረች። ጎበዝ ናት፣ ምን ይወጣላታል! ግን መምህሩ ጃርት ትንሽ ከተሳሳተ ጠመኔውን ከእጁ ትነጥቀዋለች። «ለእኔ ተዉት! እኔ እያለሁ ማን ይጎድላል?» ልጆቹ ግራ ሲገባቸውም «ለእኔ ተዉት!» የማታውንም ቆጠራ ራሷ ትቆጥራለች።

አንድ ቀን ጉንፋን ጣላት። ጃርት ቢቆጥር ሠላሳ፣ ደግሞ ቢቆጥር ሠላሳ ሁለት። «እንግዲህ መሀሉን እንውሰድ፤ ሠላሳ አንድ፣ ሙሉ ናቸው» ብሎ በሩን ዘጋ። የሚዳቋ ልጅ ለካ ውጭ ቀርታለች! ጠዋት እሾህ ውስጥ ተሸጉጣ፣ እየተንቀጠቀጠች ተገኘች። እናቷን አይቶ ያላለቀሰ የለም።

«ይኸው! እኔ ከሌለሁ...» ብላ ጦጢት ተቆጣች።

«አንቺ ስትተኚ ሒሳብም አብሮሽ ከተኛ፣ ታዲያ ማንን አስተማርሽ ልጄ?» አሏት ሽማግሌው መምህር፣ አባ ኤሊ።

ጦጢት አፈረች።

ከዚያ ወዲህ መምህራኑ አንዱ የሌላውን ክፍል እየገባ ማየት ጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ ተቀምጠው ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ ይነጋገራሉ። ሲመሽ ተረኛ ተማሪ መምህራኑንም ጨምሮ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደግማል። ጦጢት «ለእኔ ተዉት» ሊያመልጣት ሲል ጅራቷን ትነክሳለች። መከራዋን አየች! አንደኛው ዓመት በስህተት አለቀ። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ።

በሦስተኛው ዓመት ጦጢት ሾላ ልትለቅም ወጥታ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። እግሯ ተሰበረ። ብትጮህ የሚሰማት የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአያ ጅቦ ሳቅ ከሩቅ መጣ። «አለቀልኝ! እኔን ማን ይቆጥረኛል?» ብላ አለቀሰች።

ያን ቀን ተረኛዋ ከሁሉ የምታንሰው ጥንቸል ነበረች። «አንድ ጎደለ» አለች።

«ድገሚው» አላት ጃርት።

ደገመችው። ጓደኛዋም ቆጠረ። «ጎደለ! እመት ጦጢት ናቸው!»

ግር ብለው ወጡ፤ ጩኸቷን ተከትለው ሳይጨልም ደረሱላት፤ ከጉድጓዱም አወጧት። ጃርት «ላዝልሽ» ቢላት እሾሁን አይታ እምቢ አለች።

«ማን ነው የቆጠረው?» ብላ ጠየቀች።

ጥንቸል እንደ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ጦጢት አቅፋ ሳመቻት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ «ብቻውን የቆጠረ፣ ሲጎድል ቆጣሪ አጣ» የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።