ከሰፉ ጥግ ዘንበል ብሎ የቆመው ግንበኛ

ስሟን ባልጠራ የማትቀየመኝ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። እዚያች ከተማ ሸህ ተማም የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ጁሙዓ ኹጥባ ሲያደርጉ ነጋዴው ሚዛኑን ጥሎ ይመጣል። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የቲም ያሳድጋሉ። እኚህን የመሰሉ ሰው ምን አስለቀሳቸው ትሉ ይሆናል። አንድ ግንበኛ ነው ያስለቀሳቸው፣ ጀመዓዎች፤ ያውም ከሞተ በኋላ።

ነገሩ የተጀመረው መስጂዱ እንደ አዲስ ሲገነባ ነው። ግንቡን የሚያቆመው እብሬ የሚባል፣ አሊፍ ብሎ ያልቀራ፣ እጁ ከድንጋዩ የሻከረ ሰው ነበር። ኢማሙ የሚያሰግድበትን የሚህራቡን ግንብ ሦስተኛ ረድፍ እንደጨረሰ መዶሻውን አኖረና ሸሁ ከሚያስቀሯቸው ደረሶቻቸውና ከከተማው ሽማግሌዎች ጋር ወደተቀመጡበት መጣ።

«ሸሆች፣ ሚህራቡ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። «አባቴ እንዳሳየኝ በቀትር እንጨት ተክዬ ጥላውን አይቼዋለሁ።»

ሰጋጁን ወደ መካ የሚያዞረውን የቂብላውን መስመር ያወጡት ሸሁ ራሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው እያየ በግንበኛ መታረሙ ከበዳቸው። «እብሬ፣ አንተ ድንጋይህን ጥረብ። ቂብላውን ኪታብ ለቀራ ሰው ተወው» አሉት። ደረሶቹ ሳቁ። እብሬ «እሺ አባቴ» ብሎ ተመለሰና ግንቡን በተባለው መስመር ጨረሰ።

መስጂዱ ሲከፈት እብሬ ከመጨረሻው ሰፍ፣ ከሰጋጆቹ የኋለኛ ረድፍ፣ ጥግ ቆመ። መቆሙንስ ቆመ፤ ግን ከሰው ሁሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ። ሰጋጆቹ አንድ ቀን አዩት፣ ሁለት ቀን አዩት። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ሰው ሰፍ አበላሸብን፣ ፊትና፣ መከፋፈል ሊያመጣ ነው» ብለው ከበር መለሱት። ሸህ ተማም ሰምተዋል። አንዲት ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር፤ ዝም አሉ። ዝምታቸውንም ትዕግሥት ነው ብለው ለራሳቸው ነገሩት። አይ ነፍስ፣ ስንቱን ታስብላለች! እብሬ ሚስቱን ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ቆላ ወረደ።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ከሐጅ የተመለሰ አንድ እንግዳ ዓሊም ከሸሁ ቤት አርፎ ሲጫወቱ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን በቀትር ልክ ከካዕባ አናት ላይ እንደምትቆም፣ ያን ሰዓት እንጨት የተከለ ሰው በጥላው የቂብላውን መስመር እንደሚያገኝ አጫወታቸው። ሸሁ ቀኑን ጠብቀው ምርኩዛቸውን ከመስጂዱ ግቢ ተከሉ። ጥላውና ግንቡ አልገጠሙም። እብሬ ያለው ልክ ነበር። ሱብሃነላህ! እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ታላቁ ደረሳቸው ሙዘሚል አጠገባቸው ነበር። «ሸሆች፣ ሳናውቅ የሰገድነውን አላህ ይቀበለናል። ምንጣፉን ቀስ ብለን እናዙረው፤ ማንም ልብ አይል» አላቸው።

«ለሶላቱስ አላህ አዛኝ ነው። የእብሬ ሐቅ ግን ያለው እብሬ ዘንድ ነው። በቅሎዬን ጫንልኝ።»

ቆላ ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው ሚስቱ ሉባባ ናት። ሰላምታ ተለዋውጠው «እብሬ አለ?» አሏት።

«ከሞተ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።»

ሉባባ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። እዚያ አንዲት ረድፍ ድንጋይ እሱ ባለው የቂብላ አቅጣጫ መሬት ላይ ተደርድራለች፤ ከዚያ ሌላ ግንብ የለም።

«እዚህ ነበር የሚሰግደው» አለች። «ሰግዶ ሲጨርስ መንገድ መንገዱን ያያል። ‹ሸሁ አዋቂ ናቸው፣ አንድ ቀን ይደርሱበታል፤ ያን ቀን ይመጣሉ› ይለኝ ነበር።»

«አፉ ብያቸዋለሁ፣ ይቅር ብያቸዋለሁ አላለሽም?»

ሉባባ አዎ ብትላቸው ሽማግሌውን ባሳረፈች። መዋሸት ግን አልሆነላትም። «እሱን አልሰማሁም፣ አባቴ። እንዲሁ ሲጠብቅዎት ነው የሞተው።»

ሸህ ተማም ድንጋዮቹ ላይ ተደፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዱዓ አደረጉለት፤ አፉታውን ግን ከማን ይቀበሉ?

በጁሙዓው ከሚንበሩ ላይ ሆነው ሁሉንም ተናገሩ። «ከዚህ ቤት ያባረርነው በትክክል የቆመውን ሰው ነው። ያስባረርኩትም እኔ ነኝ» አሉ። ሰዉ ተላቀሰ። ግንቡ ሳይነካ ሰፉ እንዲዞር አዘዙ፤ የሚሰግድ ሁሉ ከግንቡ መስመር ዘንበል ብሎ በቆመ ቁጥር እብሬን እንዲያስታውስ። ከዚያ ኢማምነቱን ለሌላ አስረክበው ወደ መጨረሻው ሰፍ ጥግ ሄዱ።

«ሸሆች፣ የእርስዎ ቦታ እኮ ከፊት ነው» አሏቸው ሽማግሌዎቹ እየተማጸኑ።

«ከፊት ቆሜ ያላየሁትን ሰው፣ ከእሱ ቦታ ቆሜ ልየው» አሉ።

ይህን ባወራሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ የነገሩ ማነስ ነው። «እስቲ ና አሳየኝ» ብለው አሥር እርምጃ ቢራመዱ ኖሮ ሁሉም ባልሆነ። ዒልማቸው በዚያ አይቀንስም ነበር። አላህ በሰጠው ነገር ልቡ የረጋ መሪ፣ ሌላው ዘንድ ያለውን ሲያይ ደስ ይለዋል እንጂ አይደነግጥም። ሸሁ ያን ቀን በሰው ዓይን ማነስን ፈሩ፤ የራሳቸውንም የእብሬንም ዋጋ ሳቱት። አላህ ሁለቱንም ይዘንላቸው። እናንተ ግን፣ ከሰፋችሁ ጥግ የጠፋ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሂዱበት። መንገዱን እያየ ይሆናል።