ታንኳውን የሚያሰጣው ሰው

አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን ከጣና ውሃ ጎትቶ አወጣና ዋርካ ላይ አስደግፎ አቆማት። ከሥሯ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ገና ረፋድ ነው፤ ሐይቁ ጭጭ ብሏል። ለመቅዘፍ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። እሱ ግን የዳጉሳ ዘር የያዘውን ስልቻ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ከጥላው ሥር ተቀመጠ።

አያ ጥላዬ ይባላል። ከዘጌ ተነስቶ ብቻውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ደንቢያ ዳርቻ ይጓዛል። እህቱ እዚያ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ዘሯን ደግሞ ከነጎተራው እሳት በልቶባታል። «ዝናቡ ሳይገባ ዘር ካልደረሰልኝ ማሳዬ ዘንድሮ ጦም ማደሩ ነው» ብላ ላከችበት።

መንገዱ ስድስት ቀን ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ሰው የለም፤ ያለው ደንገል፣ ጉማሬና የውሃ ወፍ ነው። አያ ጥላዬ ጎህ ሲቀድ ይቀዝፋል፣ ረፋድ ላይ ታንኳውን አውጥቶ ያሰጣታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል፤ መክበዱ ግን ቶሎ አይታወቅም።

በሁለተኛው ቀን ላቀው በዚያ በኩል አለፈ። ጌሾ ጭኖ ከዚያው ከዘጌ ወደ ደንቢያ ገበያ የሚሄድ ጎበዝ ነው።

«አያ ጥላዬ! የምታሰጣው ታንኳ ነው ወይስ በርበሬ?»

«ታንኳ ነው።»

«ሐይቁ እንዲህ ተኝቶልህ! እኔ ከነገ ወዲያ እገባለሁ። ለእህትህ ምን ልበላት? ወንድምሽ ጥላ ሥር ነው ልበላት?»

«እየመጣ ነው በላት። አንተም አውጥተህ አስጣት፤ ጌሾው ቀላል ነው፣ ውሃው ግን ከባድ ነው።»

ላቀው ሳቀ። እየዘፈነ ቀዘፈና ወደ ሐይቁ ሾልኮ ከገባው መሬት ማዶ ተሰወረ።

በሦስተኛው ቀን ጉማሬዎች መንገድ ዘጉ። አያ ጥላዬ እስኪያልፉ ድረስ ደንገል ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ነፋስ ተነሳ፤ ከማለዳው ግማሹን ብቻ ቀዘፈ። የሚያናግረው ሰው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ብዙ ማውራት አይወድም።

በአምስተኛው ቀን ሰሜኑ ጠቆረ። በደንቢያ ላይ መብረቅ ብልጭ ሲል አየ። የቀረው አንድ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ብቻ ነው፤ ከተሻገረው እህቱ ደጃፍ ነው። ማሳዋ ዳር ቆማ ሰማይ ሰማይ ስታይ በሐሳቡ ታየችው። ተነስቶ የታንኳዋን ሆድ ዳሰሰ፤ እጁ ረጠበ።

«ዛሬን ብቻ ሳላደርቃት ብሄድስ?» አለ።

ወደ ውሃው ገፋት። እስከ ጉልበቱ ገባና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ አወጣት፤ ፀሐይ ገና ባለበት በኩል አዙሮ አቆማት። ያቺን ቀን እንዴት እንዳሳለፋት እሱ ያውቃል።

በማግስቱ ወሽመጡን አጋምሶ ሳለ ጩኸት ሰማ። ላቀው ነው። ታንኳው ከሥሩ ሰምጣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጌሾው በዙሪያው ተበትኖ ይንሳፈፋል።

«አያ ጥላዬ፣ ድረስልኝ! ከቀን ወደ ቀን ስትከብድ እኔ የደከምኩ መስሎኝ…»

አያ ጥላዬ ስልቻውን አየ። ከዚያ ላቀውን አየ። ታንኳዋ የተሠራችው ለአንድ ሰው ነው። ብትሰምጥ ዘሩም ሰዉም አብረው መሄዳቸው ነው። መቅዘፊያውን ዘረጋለት።

«ቀስ ብለህ ውጣ። ስልቻውን እቀፈው። ጠብታ ውሃ ካስነካኸው ወደነበርክበት እመልስሃለሁ።»

ታንኳዋ አንድ ጋት ወረደች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ግን አልወረደችም።

ዳርቻውን ሲነኩ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወደቀ። እህቱ እየሮጠች መጣች። ስልቻውን ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፤ ዘሩ ደረቅ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ተሸክማው ወደ ማሳዋ ሮጠች፤ በሬዎቹ ተጠምደው ይጠብቁ ነበር።

ላቀው ማንም ሳያዘው ታንኳዋን ብቻውን ጎትቶ አወጣ፣ ዛፍ ላይም አስደግፎ አቆማት። ከሥሯ የሚንጠባጠበውን ውሃ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ አንገቱን ደፋ።

«አያ ጥላዬ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ባይዎት ሰነፍ ሽማግሌ ብዬ ስቄብዎት ነበር። ለካስ እኔ ዛሬ የምቀመጥበትን ቦታ ሲያዘጋጁ ኖሯል። ማረፍ ለራስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንደኔ ሳያርፉ ቢመጡ ኖሮ፣ ዛሬ ማን ማንን ይሸከም ነበር?»