የአያ ጅቦ ሰዓት በቅናሽ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ካለው ገበያ ጨው እያመላለሰች የምትኖር አህያ ነበረች። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ጭነቱም አያማርራትም። ጭንቀቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በአያ ጅቦ ዋሻ ደጅ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለእራት ይወጣል። በበጋ ፀሐይዋን እያየች ቀደም ብላ ታልፋለች። ክረምት ሲገባ ግን ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ስለሚጠቁር ምሽቱ ሳታስበው ይደርስባታል። በቅርቡ እንኳ ለጥቂት ነው የተረፈችው። «ምነው ሰዓት በኖረኝ!» እያለች ትመኝ ነበር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን እመት ቀበሮ የሚያብረቀርቅ ሰዓት አንጠልጥላ መጣች።

«እመት አህያ፣ ዕድልሽ ነው! አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ነው። ባትሪ አይል፣ ጠምዝዙኝ አይል፤ አንቺ ስትንቀሳቀሺ ራሱን ይሞላል። እነዚህን ቁልፎች ስትጫኚ ደግሞ መንገድሽ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ይለካልሻል። ሦስት ቁና ገብስ ነበር፤ ለአንቺ ስል በአንድ ቁና!»

አህያ ሰዓቱን ወደ ረጅሙ ጆሮዋ አስጠጋችው። ጭጭ ብሏል።

«ይሄ ቆሟል እኮ!»

«አረፍ ብሎ ነው» አለች ቀበሮ ምንም ሳታፍር።

«የማን ነበር?»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የአያ ጅቦ ነው። ሰለቸኝ ብሎ ነው እንጂ እንከን የለውም።»

አህያ ሰዓቱን ከጆሮዋ አራቀችው። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ጅብ የቆመ ሰዓት ሊያስታቅፋት፣ እሷም ገና ነው እያለች ስትዘገይ መንገድ ላይ ሊቀበላት ነው። ጥላ ልትሄድ ዞር አለች። ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«አያ ጅቦ ይህን ሰዓት አስሮ ምን ሲያደርግ ነበር የሚውለው?»

«ምን ያደርጋል? ከጠገበ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል። በነቃ ቁጥር ሰዓቱ ቆሞ...» ብላ ቀበሮ ምላሷን ነከሰች።

«እንዲያ ነው? ሳልሞክር አልገዛም» አለች አህያ።

ሰዓቱን የፊት እግሯ ላይ አሰረችና ቀበሮን አስከትላ ገበያውን ትዞረው ጀመር። አህያ ሞኝ ናት የሚሉ ሁሉ ያን ዕለት ባዩዋት! ትንሽ እንደሄደች ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ከዝንጀሮ ሱቅ የግድግዳ ሰዓት ጋር አስተካከለችው፤ ምሳዋን በልታ ተመልሳም አመሳከረችው። አልቀደመም፣ አልዘገየም። የላይኛውን ቁልፍ ስትጫን ቀጭኗ ቆጣሪ መርፌ ሮጠች፤ ስትደግመው ቆመች፤ የታችኛውን ስትጫን ወደ መነሻዋ ተመለሰች። አውልቃ ድንጋይ ላይ ብታስቀምጠውም ሥራውን አላቋረጠም። ቀበሮ ግን በድካም ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች።

«እሺ፣ እገዛዋለሁ። ግን ቆሞ ነው ያገኘሁት፤ ግማሽ ቁና።»

«ኧረ እመት አህያ፣ ትንሽ ጨምሪበት!»

«እንግዲያው አንድ ዙር እንድገም?»

«ውሰጂው፣ ውሰጂው!»

የዚያን ቀን ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ዋለ። አህያ ግን ሰማዩን ትታ ሰዓቷን አየችና በጊዜ ተነሳች። በዋሻው ደጅ ስታልፍ አያ ጅቦ ገና ያንኮራፋ ነበር። ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች፤ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ልቧ አርፎ አያውቅም።

ከመሸ በኋላ ከደጅ የሚያለከልክ ድምፅ ሰማች። አያ ጅቦ መንገድ ዳር ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ ሲያጣ፣ ሆዱ እየጮኸ መጥቶ ኖሯል።

«ያ ሰዓት አልቆመም እንዴ?» ሲል በንዴት ጠየቀ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስሄድ እየዋልኩ እሱ እንዴት ብሎ ይቆማል?» አለች ከውስጥ እየሳቀች።

ጅብ አሰበ፤ ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። በመጨረሻ «ታዲያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«እራት ያለፈበት ሰዓት ነው፣ አያ ጅቦ። ደህና እደር!»

ከዚህ የምንማረው ዋጋው የቀነሰ ዕቃ ስናገኝ ለርካሽነቱ ብለን ሳንጣደፍ፣ ሻጩንም ጠልተን ሳንሸሽ፣ ለራሳችን ኑሮ መሆን አለመሆኑን በእጃችን ሞክረን መወሰን እንዳለብን ነው።