ዳልኬና የመንጠቆው ዘርፍ

አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከጫሞ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖር፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው። ስሙን ዳልኬ እንበለው።

ዳልኬ ሃያ ዓመት ሙሉ ያሰገረው በመረብ ነው። አንድ ቀን ጠዋት መረቡን ሊያነሣ ሄዶ ሲስበው ቀለለው። አዞ ገብቶበት ነበር። ዓሣውን በልቶ፣ መረቡን መሐል ለመሐል ቦጫጭቆት ሄዷል። ዳልኬ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ያቺን ጨርቅ የመሰለች ነገር አገላብጦ አያት። ልጠግን ቢል ከየት ይጀምራል?

ታዲያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በጀልባው ያዞረው አንድ ጎብኚ ለየት ያለ መንጠቆ ሰጥቶት ሄዶ ነበር። ራሱ እርሳስ ነው፣ ከብዶ ወደ ታች እንዲሰምጥ። ከእርሳሱ ሥር ቀጫጭን የጎማ ክሮች እንደ ነጠላ ዘርፍ ዙሪያውን ተንጠልጥለዋል። ውኃ ውስጥ ሲስቡት ዘርፉ ይከደናል፤ ሲተዉት ይከፈታል። ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል። ናይል ፐርች የሚሉት ያ ግዙፍ ዓሣ ሲያየው አያልፈውም። ዳልኬ መረቡ ከተቀደደ በኋላ በዚያች አንዲት መንጠቆ በአንድ ሳምንት ሦስት ትልልቅ ዓሣ አወጣ። ልጆቹ በሉ፣ የተረፈውም ተሸጠ።

ከዚያስ? ከዚያ ፀሐይ ላይ ረሳት። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጎማው ቀልጦ፣ እንደታኘከ ማስቲካ ተጣብቆ አገኘው።

እርሳሱን ራሱ መሥራት ይችላል። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቶ፣ በቆርቆሮ አቅልጦ፣ በጭቃ ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ ደርዘን ሙሉ ሠራ። መንጠቆውም ገበያ ላይ አለ። የጎደለው ዘርፉ ነው። ጎማ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ውኃ ውስጥ የሚወዛወዝ ጎማ። ይሄ ምን ይቸግራል?

ቸገረ።

መጀመሪያ እቤቱ ተጥሎ ከነበረ የአይሱዙ ከመነዳሪ ቆርጦ ሞከረ። ወፍራም ነው፤ ውኃ ውስጥ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊኛ ገዝቶ ቆረጠ። በሁለተኛው ቀን ተሰነጣጠቀ። ሱቅ ሄዶ ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ ለመነ። ገና በመጀመሪያው ውርወራ ተበጣጥሶ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ። የካልሲውን ላስቲክ መዘዘ፤ ካልሲውም ቀረ፣ ዓሣውም ቀረ። በመጨረሻ የሚስቱን የልብስ ማጠቢያ ጓንት አንሥቶ አምስቱንም ጣቶች ሸለተ። ሚስቱ አስካለች ልታጥብ ስትመጣ ጣት የሌለው ጓንት አገኘች። እጇ ላይ አጥልቃ አምስት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው። እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ሰው ሁሉ ሊረዳው ይፈልግ ነበር። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨው። ባለ ሱቁን ሲጠይቀው፣ ጎሚስታው ጋ ለምን አትሄድም አለው። ብስክሌት የሚያከራየው ሰው፣ አንተ የምትፈልገው የድሮውን ቀዩን የብስክሌት ከመነዳሪ ነው፣ እሱ ነው ልስልስ ያለው፣ ጎሚስታው ጋ አይጠፋም አለው። የባጃጁም ሾፌር እንደዚሁ። ዳልኬ ጥርሱን ነክሶ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። አዲስ የተከፈቱ ሁለት ጎሚስታዎች ጋ ሄዶ ጠየቀ። አንደኛው ሳቀበት። ያ ቀዩ ከመነዳሪ ከገበያ ከጠፋ ቆየ አለው፤ ካለም ያለው የሰፈራችሁ ጎሚስታ ሻንካ ጋ ነው፣ ሻንካ ደግሞ ምንም ነገር አይጥልም።

በቃ፣ ሶዶ እሄዳለሁ አለ ዳልኬ።

ሄደም። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ መሐል ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ አቧራውን ጠጥቶ ሶዶ ገባ። እየጠየቀ አንድ ያረጀ ጎሚስታ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰማው። ከየት ነው የመጣኸው ብሎ ጠየቀው። ከአርባ ምንጭ አለ። ሽማግሌው ግራ ገባው።

«ከአርባ ምንጭ? እዚያ ሻንካ የሚባል ጎሚስታ አለ አይደል? እኔ ራሴ ሲቸግረኝ ከእሱ ነው የማስመጣው።»

ዳልኬ ዞሮ መናኸሪያ ሄደ፣ ባዶ እጁን ተሳፈረ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

እስቲ ልጠይቃችሁ ወንድሞች፣ እህቶች። ሰውዬው ለምን ሻንካ ጋ አልሄደም? መንገዱ ርቆት ነው? የሻንካ ሱቅ ከዳልኬ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሻንካን አያውቀውም? ያውቀዋል። ከአንድ ማኅፀን ነው የወጡት። ሻንካ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ስድስት ዓመት ተኮራርፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ያረፉ ዕለት ዳልኬ ሐይቁ ላይ ነበር። በዚያው ቀን ቀብሩ ተፈጸመ። ዳልኬ አመሻሽ ላይ ዓሣውን ይዞ፣ እግሩ ከነጭቃው ሲመለስ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። መቃብሩ ተዘግቷል። የእናቱን ፊት አላየም። ወንድሙን፣ እናቴን ሳትጠብቀኝ ቀበርካት አለው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ዳልኬ ገበያ ሲሄድ የሻንካን ሱቅ ላለማለፍ በቄራው በኩል ይዞራል። ልጆቹ አጎታቸውን ከሩቅ ነው የሚያውቁት።

ከሶዶ የተመለሰ ዕለት አስካለች ውኃ አቀረበችለት። አገኘህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም። እጁን ታጥቦ እስኪቀመጥ ጠብቃ እንዲህ አለችው፤

«የመሠረት አባት፣ እኔ አላስታርቅህም። ሽማግሌ ስልክብህ፣ አንተ ስትመልስ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰለቸኝ። ግን እነዚህ ልጆች በልተው ማደር አለባቸው። ሶዶ ድረስ የሄደ እግር እዚህ ማዶ መድረስ እንዴት ያቅተዋል?»

ዳልኬ ተናደደ። ተነሥቶ ወጣ። ሊታረቅ እንዳይመስላችሁ። በልቡ እያጉረመረመ ነው የሄደው። ጎማ እጠይቀዋለሁ፣ ዋጋውን እከፍለዋለሁ፣ ሌላ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም እያለ። ደግሞም የለኝም ቢለው ይሻለው ነበር። የለኝም ካለው ቂሙን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሻንካ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ የተነፋ ከመነዳሪ በውኃ ሳፋ ውስጥ እያዞረ ነበር፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ዳልኬ ከላይ ቆሞ አየው። ፀጉሩ ሸብቷል። መቼ ነው እንዲህ የሸበተው? ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ያለ ወንድሙ ሲያረጅ አላየውም።

ሰላምታ አልሰጠውም። ቀይ የብስክሌት ከመነዳሪ እፈልጋለሁ አለ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ሻንካ ቀና ብሎ አየው። ከመነዳሪውን ሳፋው ውስጥ ትቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ። ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ቀይ ጎማ ይዞ ወጣ። ታጥቧል። እንዳይጣበቅም ዱቄት ተነስንሶበታል።

«ጎማ እየፈለግህ መሆኑን ከሰማሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፤ ትመጣለህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩልህ» አለው።

ዳልኬ ደሙ ፈላ። ሁለት ሳምንት! እሱ ካልሲውን ሲመዝዝ፣ ጓንት ሲሸልት፣ ሶዶ ድረስ ሲንከራተት ጎማው እዚህ ታጥቦ ተቀምጦ ነበር። ታዲያ ለምን አልላክህልኝም አለው። ሻንካም ብልክልህ ትቀበል ነበር ወይ ብሎ መለሰለት። ዳልኬ እንደማይቀበል ያውቃል። በሰው እጅ መልሶ ይልክለት ነበር።

ያኔ ያ ሌላ ቃል አይወጣም ያለው አፉ ተከፈተ። የስድስት ዓመቱን አወጣው። እናቴን ሳትጠብቀኝ አለ። አንድ ሰው እንኳ አልላክህብኝም አለ። 

ሻንካ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ሁለት ሰው ልኬብሃለሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ነበር፣ ድምፃቸው አልደረሰህም። ተመልሰው አጣነው ሲሉኝ የእናቴን ሬሳ እቤት ትቼ እኔ ራሴ ወረድኩ። ጀልባህን በዓይኔ አያታለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁህ። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ዝናብ መጣ ብለው ሬሳውን አውጥተውት ነበር።»

ዳልኬ እዚያው የተደራረበ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ለምን አልነገርከኝም አለ፣ በስንት ጭንቅ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ መቼ ጠየቅከኝ?» አለው ወንድሙ።

ወገኖቼ፣ ወዲያው ተቃቅፈው ተላቀሱ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። እንደዚያ አልሆነም።  ሻንካ መቀስ አመጣና ጎማውን እንዴት አድርጌ ልቁረጥልህ አለው። ዳልኬ በጣቱ አሳየው፤ እንዲህ ቀጠን አድርገው፣ ጋሼ። ስድስት ዓመት ያልጠራውን ስም ሲጠራ ሁለቱም ሰሙት። እየቆረጡ አመሹ። በማግስቱ እስከዚያ ቀን ለየብቻ ይሄዱበት ወደነበረው መቃብር ሁለቱ አብረው ሄዱ። ዳልኬ ያለቀሰው እዚያ ነው።

ዓሣውስ ትሉኝ ይሆናል። ያዘ። ልጆቹም በሉ። ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ሰው የተራበው ዓሣ ብቻ ነበር?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ወደ እኔም ጭምር።

ስንቶቻችን ነን በቄራው በኩል የምንዞር? ስንቶቻችን ነን መፍትሔው ያለበትን ቤት እያወቅን ሌላ ከተማ የምንንከራተት? ለሰላማችሁ ጾም ትይዛላችሁ። እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ቤቴ በረከት ራቀው፣ ጸልዩልኝ ትላላችሁ። እሺ፣ ይጸለያል። ግን ከእህትሽ ጋር እንዴት ናችሁ ስትባይ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። አባትህን ካየህ ስንት ጊዜህ ነው ስትባል፣ እሱን ተወው ትላለህ። እንዴት ይተው? አንተ ሌላ ቦታ የምትፈልገው እዚያ ተቀምጦ የለም ወይ?

ደግሞም ሁላችንም እርግጠኞች ነን። ምን እንዳደረገችኝ አውቃለሁ። ምን እንዳለኝ አውቃለሁ። ማን ጠይቀህ ነው ያወቅኸው? ቂም ይዘህ ስትኖር የያዝኸው የታሪኩን ግማሽ ቢሆንስ? ያ ሰው በዚያ ቀን ድምፁ እስኪዘጋ ሲጠራህ የነበረ ቢሆንስ?

በእርግጥ በድሎህም ይሆናል። ሄደህ ስትጠይቀው አዎ፣ በድዬሃለሁ ይልህ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን እኛን ሲፈልግ፣ በደለኛው ቀድሞ ይምጣ ብሎ አልተቀመጠም። ራሱ መጣ። እኛ ከእሱ በልጠን ነው የምንጠብቀው?

አሁን ቡራኬ ተቀብላችሁ ትወጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የዚያን ሰው ቁጥር ከስልካችሁ ሰርዛችሁታል። አውቃለሁ። ደግሞም በቃላችሁ እንደምታውቁት አውቃለሁ። አሁንም እየተናገርኩ ሳለሁ ቁጥሩ አንድ በአንድ መጥቶባችኋል። ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ። እዚሁ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፉ ሥር ቁሙና ደውሉ።