የቀሚስ ባለቤት

የከተማው የቋንቋ ሹም ግራዝማች ይርዳው «የተዋስነው ቃል ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ» ብለው አዋጅ ባስነገሩ በሳምንቱ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ደጃፍ ቆሙ። ሰሌዳዋ «ቀሚስ እንሰፋለን» ይላል።

«ቃሉ የማን ነው?» አሉ።

«የደንበኞቼ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ዝም በይ!» መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። «ሮማውያን ወታደር የሚለብሰውን ካሚሲያ ይሉት ነበር። ፈረንሳይ ከዚያው ቃል ሸሚዝን አወጣች። ዐረብም ቀሚስ ሲል የወንድ ልብስ ማለቱ ነው። አንቺ ደግሞ ለሴት ትሰፊዋለሽ! በይ ባለቤቱን ጥሪ፤ አለዚያ ሰሌዳው ይወርዳል፣ የስፌት መኪናሽም ይታሸጋል።»

ሴትዮዋ ከመኪናዋ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ ቀስ ብላ አወጣች።

«ጌታዬ፣ እኛ ሰፊዎች አንድ ሕግ አለን። ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ እናጠብበዋለን፣ እናሳጥረዋለን። መቀስ ካረፈበት ወዲያ ታላቅየው መልሱልኝ ቢል አንሰማውም፤ አይሆነውማ። ያ የሮም ወታደር ትከሻውን ይዞ ቢመጣ፣ ይኸ ቀሚስ በየት በኩል ይገባዋል?»

የተሰበሰበው ሰፈርተኛ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ፊታቸው ቀላ።

«አዋጅ አዋጅ ነው! ይመለሳል ብያለሁ፣ ይመለሳል!»

«ይመለስ እንጂ ጌታዬ፣ ማን እምቢ አለ? ብቻ ፈረንሳይ ሩቅ አገር ናት፣ እሷን እናስቀድም» አለችና እጇን ዘረጋች። «ሸሚዝዎን ያውልቁልኝ።»