ቅጂው ያልቆጠረው ቆሻሻ

በአንድ ወቅት፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ፣ እንደ እህትና ወንድም የሚተያዩ ሦስት ባልደረቦች ነበሩ። አስናቀ የቲኬቱ መዝገብ ያለበትን ዋናውን ሰርቨር ይጠብቃል። ሐያት ዋናው ቢወድቅ የሚተካውን ቅጂ ትጠብቃለች። ስመኝ ደግሞ የዋናውን ጤንነት ትከታተላለች። ደንባቸው አንድ ነበር፤ ምሳ ላይ ሳይነገር ማንም ሴቲንግ አይነካም።

ረመዳን ገባና ሐያት ከምሳው ቀረች።

የዒድ መንገደኛ ሲበዛ ዋናው ሰርቨር ተንቀራፈፈ። አስናቀ የተሰረዙ ቲኬቶችን ቅሪት፣ ቆሻሻውን፣ በራሱ የሚጠርገውን ሴቲንግ አጠፋና ሽያጩ ፈጠነ። ይህንንም አስቀድሞ ምሳ ላይ ለስመኝ ነግሯት ነበር። «ከበዓል በኋላ እመልሰዋለሁ» ብሏታል። ለሐያት ግን ስልክ እንኳ አልደወለላትም።

ስመኝ ቆሻሻው በዋናው ሰርቨር ላይ ሲከመር በስታቲስቲክሱ ታይ ነበር። አመሻሽ ላይ ሐያት ቤት ጎራ ትላለች፣ አብራት ታፈጥራለች፣ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ። ስለዚህ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አላለችም።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ሐያትም ጥፋት አለባት። ሴቲንጉም ቆሻሻውም ወደ ቅጂው ይገለበጣሉ፤ የቆሻሻው ቆጠራ ግን አይገለበጥም፣ ቅጂው ላይ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ይህን በሥልጠና ተምራለች። ሆኖም ቅጂዋ «ዜሮ» ሲላት ሌላ ነገር ሳታይ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ መንበሩ «ዝግጁ ነው» ብላ ቃል ሰጠች።

በዒድ ዋዜማ ዋናው ሰርቨር ወደቀ። ቅጂው በቦታው ተተካና በተከመረው ቆሻሻ ታንቆ ቀጥ አለ፤ ሽያጩም ቆመ። መናኸሪያ ሙሉ መንገደኛ በዓሉን ከቤተሰቡ ተለይቶ ዋለ፤ ለበዓሉ ሊሳፈሩ የመጡት የሐያት እናትም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ።

«እኔ ምሳ ላይ ተናግሬያለሁ፤ አንቺ አልነበርሽም» አለ አስናቀ።

«አንቺስ ስመኝ? ማዕዴ ላይ ተቀምጠሽ?» አለች ሐያት።

«ጾም ይዘሻል፣ ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም እኮ!»

ሐያትን ባዳ ቢያደርገው ይህን ያህል ባልከፋት።

አቶ መንበሩ ጠሯት። «አንድ ሰው ይሰናበታል። ስሙን አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ እምቢ ካልሽ ሦስታችሁም ትሄዳላችሁ» አሏት።

እንግዲህ ሐያት አፏን ልትከፍት ነው። እናንተ ስትሰሙ የቆያችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፤ የማንን ስም ትጥራ? ደንቡን ጠብቆ ወዳጁን የረሳውን? ማዕዷን እየቆረሰች ዝም ያለችባትን? ወይስ ዜሮውን አምና ቃል የሰጠችውን፣ የራሷን?