የጦይባ ቫን አልነሳም ያለች ቀን

እኔ ወሬ ይዣለሁ፣ እናንተ ጆሮ ስጡኝ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጦይባ ይማም የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት አሮጌ ነጭ የናፍጣ ቫን አለቻት፤ ከጨፋ ሽንኩርት እየጫነች ገበያ ታደርስባታለች። የሸጠላት ሰው «ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም» ብሎ ምሎላት ነበር። በገዛቻት በሳምንቱ ፍሪሲዮኑ አለቀ። ቀጥሎ ራዲያተሩ አፈሰሰ። ከዚያ ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ መትፋት ጀመረች። ሽንኩርቱ ያመጣውን መለዋወጫው ይበላዋል። ጦይባና ቫኗ እንደ ጣውንት ተኮራርፈው ነበር የሚኖሩት።

ያን ቀን የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አባቷን ወደ ቤት ማምጣት። አቶ ይማም እግራቸው ተሰብሮ ደሴ፣ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጠዋት «ይውጡ» ተባሉና አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደሙ። እግራቸው እስከ ጭናቸው በጀሶ ስለታሰረ ታክሲ ውስጥ አይታጠፍላቸውም። ቫኗ ግን ከኋላ ፍራሽ ታስዘረጋለች።

ቫኗ ደግሞ እንድሪስ ጋራዥ ናት። ጦይባ ገስግሳ ሄደች።

«አልተነሳችም» አላት እንድሪስ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የናፍጣ ፓምፑ አየር ይስባል። ፈትቼ ለጋሽ ክንፈ ልኬዋለሁ። ፓምፑን አምጪልኝ፣ አስነሳታለሁ።»

«አባቴ እኮ አግዳሚ ላይ ናቸው።»

«ይገባኛል እህቴ። ግን ችግሩ የኔ አይደለም፣ የፓምፑ ነው።»

እንድሪስ ያለ ፓምፕ አልሠራም አለ፤ ቫኗ አልነሳም አለች፤ አባት አግዳሚው ላይ ቀሩ።

ጦይባ ፓምፕ ሠሪው ጋ ሄደች። ጋሽ ክንፈ ሽማግሌ ናቸው፤ ፓምፑን በታትነው ጠረጴዛ ላይ አስጥተውታል። አንዲት የተሰነጠቀች ጎሚኒ፣ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት፣ በሁለት ጣታቸው አንስተው አሳዩዋት።

«አየሽ፣ አየር የምታስገባው ይቺ ናት። አዲስ ከአስካለ ሱቅ አምጪልኝና እገጥመዋለሁ።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ማን ጠየቀኝ? የኔ ሥራ መግጠም ነው፣ መለዋወጫ መፈለግ አይደለም።»

ጦይባ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ክንፈ ያለ ጎሚኒ አልገጥምም አሉ፤ እንድሪስ ያለ ፓምፕ አልሠራም አለ፤ ቫኗ አልነሳም አለች፤ አባት አግዳሚው ላይ ቀሩ።

እትዬ አስካለ መለዋወጫ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ጎሚኒዋን አገላብጣ አየቻት።

«አለን። ግን መጋዘን ነው ያለው። ቁልፉ ደግሞ ባሌ ኪስ ውስጥ ነው።»

«ይደውሉለታ።»

«ደውዬለት ነበር፣ አያነሳም። እኔ ምን ላድርግሽ?»

በዚህ መሀል የጦይባ ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ተነሳሽ?»

«እየመጣሁ ነው አባዬ።»

«አትቸኩዪ። ወንበሩ ነው ትንሽ የሚቆረቁረኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ሊመጣባት የነበረው ለቅሶ ወደ ንዴት ተለወጠ። አስካለ ያለ ቁልፍ አልከፍትም አለች፤ ክንፈ ያለ ጎሚኒ አልገጥምም አሉ፤ እንድሪስ ያለ ፓምፕ አልሠራም አለ፤ ቫኗ አልነሳም አለች፤ አባት አግዳሚው ላይ ቀሩ።

«ባልሽ የት ነው?» አለች። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

«መኪናውን ሊያሠራ እንድሪስ ጋራዥ ሄዷል።»

ጦይባ የመጣችበትን መንገድ መልሳ ያዘችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የአስካለ ባል ሽመልስ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ጋሽ ሽመልስ፣ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ።»

«አሁን አልችልም። ከዚህ ከተነሳሁ ተራዬ ያልፋል።»

«እሺ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«መጋዘኔን ለሰው አላስከፍትም።»

«የምኑን ተራ ነው የሚጠብቁት?»

«የጉድጓዱን። መኪናዬ ከሥር ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጉድጓዱ ላይ ካልቆመች አትታይም። አንዲት ቫን ተገትራበት አልለቅ አለች እንጂ እኔስ እስካሁን ሄጄ ነበር» አለና በመፋቂያው አመለከታት።

ጦይባ ዞራ አየች። ጉድጓዱ ላይ የተገተረችው ነጭ ቫን የራሷ ነች።

ጉድጓዱ በጦይባ ቫን ተያዘ፤ ሽመልስ ከተራዬ አልነሳም አለ፤ አስካለ ያለ ቁልፍ አልከፍትም አለች፤ ክንፈ ያለ ጎሚኒ አልገጥምም አሉ፤ እንድሪስ ያለ ፓምፕ አልሠራም አለ፤ ቫኗ አልነሳም አለች። ቫኗ ስላልተነሳች ጉድጓዱ ተያዘ፤ አባት አግዳሚው ላይ ቀሩ።

«እንድሪስ፣ ይቺን መኪና ከዚህ አንሳት።»

«ያለ ፓምፕ በምን ትሄዳለች? ሞተሯ አይሠራ።»

«ጎማ አላት» አለች ጦይባ።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ። እሷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም ይገባናል ትሉኛላችሁ። ሁላችሁም ወደ ሌላ ሰው ትልኩኛላችሁ። አባቴ የተሰበረ እግራቸውን ይዘው እንጨት ላይ ተጋድመዋል፣ እናንተ ያለፈቃዴ መኪናዬን መቆለፊያ አድርጋችሁ ተቀምጣችኋል። ወላሂ ከእንግዲህ አንድ እርምጃ ወደ ማንም አልሄድም። እንድሪስ፣ ከኋላ ግፋ። ጋሽ ሽመልስ፣ እርስዎም።»

«እኔ እንኳ ልብሴ…»

«እርስዎም።»

ሻሿን አጥብቃ ገባች፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፤ መሪውን ጨበጠች። እንድሪስ ገፋ፣ ሽመልስ ገፋ፣ ከአጠገቡ ጎማ የሚለጥፉት ሰዎችም መጥተው ገፉ። ቫኗ ሲጥ አለች፣ ተወዛወዘች፣ ተንከባለለች።

ቫኗ ጉድጓዱን ለቀቀች፤ የሽመልስ መኪና ተራዋን ያዘች፤ ሽመልስ ሄዶ መጋዘኑን ከፈተ፤ አስካለ ጎሚኒውን ሰጠች፤ ክንፈ ፓምፑን ገጠሙ፤ እንድሪስ ፓምፑን አሰረ፤ ጦይባ ቁልፉን አዞረች። ቫኗ ሁለቴ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጢሷን እንድሪስ ፊት ላይ ተፋችና ተነሳች። ማንም አልሳቀም።

ደሴ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አባቷን ከሁለት አስታማሚዎች ጋር አቅፋ ፍራሹ ላይ አስተኛቻቸው። ጀርባቸው ላይ የአግዳሚው እንጨት መስመር ሠርቶ ነበር፤ በመዳፏ አሸችላቸው።

«ማን አቆየሽ ልጄ?» አሏት።

ጦይባ እንድሪስን አሰበች፣ ክንፈን አሰበች፣ አስካለንና ሽመልስን አሰበች። ንዴቷ እንደገና እስከ ጆሮዋ ወጣ።

«ማንም አባዬ» አለች። «የጠየቅሁት ሁሉ እኔ አይደለሁም ነው ያለኝ።»

 አቶ ይማም ግን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት ሳይጀምሩ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ ጆሯችሁንም መለስኩላችሁ።